ብርሃን ሞገድም ፎቶንም መሆኑን በቤትዎ ለማየት፦ ከአንዲት ዘለላ ፀጉር እስከ ፕላንክ ቁጥር

«ብርሃን የሞገድም የቅንጣትም ባሕርይ አለው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ያልሸመደደ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የለም፤ ትርጉሟን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንደታዘብኩት፣ ችግሩ ተማሪው መረዳት ማቃቱ ሳይሆን ምንም ሳያይ መደምደሚያው ቀድሞ እንዲነገረው መደረጉ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ፦ መጀመሪያ ያያሉ፣ ቀጥሎ ይለካሉ፣ ስም የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ደብተር ይዘው ገጹን በሁለት ዓምድ ይክፈሉት። በአንደኛው ዓምድ ራስ ላይ «ብርሃኑ የት አረፈ?» ብለው ይጻፉ፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ «ሲያርፍ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ጉልበት አስረከበ?»። ከታች ያሉትን ሙከራዎች በሠሩ ቁጥር ያዩት ነገር ከሁለቱ ጥያቄዎች የትኛውን እንደሚመልስ እያሰቡ በየዓምዱ ይመዝግቡ። ብርሃን ሞገድ ነው ወይስ ቅንጣት የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንዲት ቀይ ሌዘር (በቁልፍ መያዣ ላይ ተንጠልጥላ የምትሸጠው ትንሿ ትበቃለች)፣ አንድ የማይፈለግ ሲዲ፣ ዣንጥላ፣ ሁለት አዳዲስ ምላጮች፣ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ቁራጭ መስታወት፣ ሻማ፣ ስኮች፣ ሜትርና ማስመሪያ፣ ለልጆች መኝታ ቤት የሚገዛው በጨለማ የሚያበራ ተለጣፊ ኮከብ፣ ቀይና ሰማያዊ ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ፣ አንድ 330 ኦም ሬዚስተር እና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ቴስተር ካሉዎት ሁሉንም መሥራት ይችላሉ። የኤሌክትሪኩን ክፍል ትተው ሌላውን ብቻ ቢሠሩም ብዙ ያተርፋሉ።

ሌዘር መጫወቻ አይደለችም። አቅሟ ከ1 ሚሊዋት እንደማይበልጥ የተጻፈባትን ይምረጡ፤ ከአፏ ፊት ለፊት በጭራሽ አይዩ፤ ሲዲም እንደ መስታወት ብርሃኑን መልሶ ስለሚወረውር ሁሉንም ነገር ከተቀመጠ ሰው ዓይን ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ፤ ልጆች ካሉ ሌዘሯን የሚይዘው አዋቂ ብቻ ይሁን። አረንጓዴ ሌዘር ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ርካሾቹ ከተጻፈባቸው በላይ ጉልበት ሊኖራቸውና ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር አብረው ሊያወጡ ይችላሉ። ፀሐይን ደግሞ በጣት ክፍተትም ሆነ በዣንጥላ ጨርቅ በኩል አይመልከቱ።

ደረጃ 1፦ ያለ ምንም ዕቃ መጀመር

ጠቋሚና መሐል ጣትዎን አጠጋግተው በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ ክፍተት ይተዉ። ክፍተቱን ወደ አንድ ዓይንዎ አስጠግተው ወደ በራ አምፖል ይመልከቱ። ክፍተቱ ሊዘጋ ሲል በውስጡ የጣትዎን ጠርዝ ተከትለው የሚሄዱ ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። ብርሃን በቀጥታ ብቻ የሚጓዝ ቢሆን ኖሮ በክፍተቱ ውስጥ ወይ ብርሃን ወይ ጨለማ እንጂ እንዲህ ያለ ሽንትርትር አይኖርም ነበር።

ማታ ደግሞ ጥቁር ዣንጥላ ዘርግተው በጨርቁ በኩል ራቅ ያለ የመንገድ መብራት ይመልከቱ። መብራቱን በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ፣ ጠርዛቸው ቀለም ያለው ትናንሽ ነጠብጣቦች ከብበውት ያገኙታል። አሁን ዣንጥላውን በእጀታው ያሽከርክሩት፤ መስቀሉም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ የሚያዩት ነገር ከዓይንዎ ጉድለት የመጣ ሳይሆን ከጨርቁ ክሮች ነው። በ1780ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን ፊላደልፊያ ውስጥ ይህንኑ በሐር መሐረብ አይቶ ዴቪድ ሪተንሃውስን ምክንያቱን ጠየቀው፤ ሪተንሃውስም መሐረቡን ትቶ 50 ያህል ፀጉሮችን በቀጫጭን ብሎኖች ጥርስ ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ ጥናቱን ቀጠለ። እኛ አንዲት ፀጉር ትበቃናለች።

ደረጃ 2፦ ፀጉር በሌዘር ፊት

ሌዘሯን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስተኝተው በስኮች ያጣብቋት፤ ቁልፏን በጣትዎ ከመያዝ ይልቅ በልብስ መቆንጠጫ ይንከሱት። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ደግሞ የሚፈልጉትን ሽንትርትር ያጠፋዋል። ግድግዳው ከሌዘሯ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ይሁን፤ እዚያም ነጭ ወረቀት ይለጥፉ። ክፍሉን አጨልመው አንዲት ዘለላ ፀጉር ከላይ ወደ ታች ወጥረው የብርሃኑን መውጫ መሐል ለመሐል እንድትከፍለው በስኮች ይለጥፏት።

ብዙ ሰው የሚጠብቀው ነጥቡ መሐሉ ላይ የፀጉሯን ጥላ ይዞ እንዲታይ ነው። የሚያዩት ግን ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ረጅም የብርሃን መስመር ነው፤ መሐሉ ደማቅ ሲሆን በሁለቱም በኩል ጨለማ፣ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ብርሃን እያለ እየደከመ ይሄዳል። ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ፀጉሯ የቆመችው ከላይ ወደ ታች ሆኖ ሳለ ብርሃኑ የተዘረጋው ወደ ጎን ነው፤ ፀጉሯን ቢያስተኟት መስመሩ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ጥላ ይወድቅበታል ብለው የጠበቁት መሐሉ ራሱ ይበራል።

የጨለማዎቹን መሐል በእርሳስ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ከአንዱ ጨለማ እስከ ቀጣዩ ያለውን ከመለካት ይልቅ በግራ ከሦስተኛው ጨለማ እስከ በቀኝ ሦስተኛው ያለውን ለክተው ለ6 ያካፍሉ፤ የእርሳስዎ ስሕተት እንዲሁ ለ6 ይካፈልልዎታል። በ3 ሜትር ርቀት ላይ አንዱ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር ይሆናል። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ «የት» በሚለው ዓምድ ጽፈው ያቆዩት፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ደረጃ 3፦ የሞገድ ርዝመትን በሲዲ መለካት

የሞገድ ርዝመት ማለት ከአንድ የሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለው ርቀት ነው። እሱን ለመለካት የሚያስፈልገን አስቀድሞ ልኩ የታወቀ ነገር ነው። የሲዲ መረጃ የተጻፈባቸው ክብ መስመሮች እርስ በርስ የሚራራቁት 1.6 ማይክሮሜትር ማለትም 1600 ናኖሜትር ነው፤ ይህ የአመራረቱ ደንብ ስለሆነ የትኛውንም መደበኛ ሲዲ ቢያነሡ ተመሳሳይ ነው።

ነጭ ካርቶን መሐሉ ላይ በምስማር ብሱና የሌዘሯ ብርሃን በቀዳዳው እንዲያልፍ ያቁሙት። ከካርቶኑ 30 ሳንቲሜትር ርቀው ሲዲውን የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ካርቶኑ እንዲሆን ያቁሙ። ብርሃኑ የሲዲውን የላይኛውን ወይም የታችኛውን ክፍል ሳይሆን የጎኑን መሐል፣ በሰዓት አቆጣጠር የ3 ቁጥር ቦታ የሚባለውን ይምታ፤ እዚያ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ብርሃኑ ወደ ጎን ይበተናል። ሲዲውን በጥንቃቄ እያዘነበሉ ተመላሹ ዋና ነጥብ ወደ ቀዳዳው እንዲገባ ያድርጉ። ይህ ሲሳካ በካርቶኑ ላይ ከቀዳዳው በግራና በቀኝ እኩል የራቁ ሁለት ቀይ ነጥቦች ይታያሉ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ሲዲው ገና አልተስተካከለም ማለት ነው።

ከቀዳዳው እስከ አንዱ ነጥብ 13.3 ሳንቲሜትር አገኙ እንበል። በፓይታጎረስ ቀመር ከሲዲው እስከ ነጥቡ ያለውን ሰያፍ ርቀት ያስሉ፦ የ13.3 እና የ30 ካሬዎች ድምር ሥር 32.8 ሳንቲሜትር ነው። 13.3ን ለ32.8 ሲያካፍሉ 0.4055 ይሆናል፤ ይህ የማዕዘኑ ሳይን ነው። በ1600 ናኖሜትር ሲያባዙት 649 ናኖሜትር ይመጣል። ቀያይ የኪስ ሌዘሮች በአብዛኛው ከ630 እስከ 670 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ስለሆኑ ውጤቱ ትክክለኛ ነው፤ በማስመሪያና በአሮጌ ሲዲ የሚሊሜትርን አንድ ሺሕ አምስት መቶኛ ለኩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። መጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ሰያፉን ርቀት ትቼ 13.3ን በቀጥታ ለ30 አካፍዬ 709 ናኖሜትር አገኘሁ፤ ሌዘሯ ጥራት የሌላት መስሎኝም ለሳምንታት ሻጩን ስረግም ቆየሁ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ማዕዘኑ ትንሽ ሲሆን ሳይንና ታንጀንት ይቀራረባሉ፣ 24 ዲግሪ ላይ ግን አይቀራረቡም። ለፀጉሯ ግን ማዕዘኑ ከ3 ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ ቀጥታ ማካፈሉ ምንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ፀጉሯ ይመለሱ። የሞገዱን ርዝመት በግድግዳው ርቀት አባዝተው በጨለማዎቹ እርምጃ ሲያካፍሉ የፀጉሯን ውፍረት ያገኛሉ። ለምሳሌ እርምጃው 2.6 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ 0.00000065 ሜትር በ3 ሜትር ተባዝቶ ለ0.026 ሜትር ሲካፈል 0.000075 ሜትር፣ ማለትም 0.075 ሚሊሜትር ይሆናል። የቤተሰቡን ፀጉር እየተለዋወጡ ይለኩ፤ ሉጫና ከርዳዳ፣ የአዋቂና የሕፃን ፀጉር የተለያየ ቁጥር ሲሰጥ ማየት ለልጆች ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ቀጭኗ ፀጉር ሽንትርትሩን ታሰፋዋለች፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት ነገር በጠበበ ቁጥር ይበልጥ ይበተናል።

ደረጃ 4፦ ብርሃን ሲደመር ብርሃን፣ ጨለማ

መስታወቷን ከሻማ ነበልባል በላይ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ጥላሸት ያልብሷት፤ አንድ ቦታ ላይ ካቆሟት ትሰነጠቃለች። ስትቀዘቅዝ ሁለቱን ምላጮች አነባብረውና አጥብቀው ይዘው በማስመሪያ እየተመሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫሩባት። የምላጭ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያው መጠን የተራራቁ ሁለት ስንጥቆች ያገኛሉ። ቀጥሎ ከሁለቱ ጭረቶች አንዱን ብቻ በአንድ ምላጭ ወደ ታች 1 ሳንቲሜትር ያህል ያስረዝሙት፤ ይህች ትንሽ ብልሃት ቆይታ ትጠቅመናለች።

ሌዘሯን ሁለቱ ጭረቶች ባሉበት ቦታ ላይ ያሳልፉ። በ3 ሜትር ርቀት ላይ 2 ሳንቲሜትር ገደማ የሚራራቁ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ተደርድረው ይታያሉ። ከጨለማዎቹ በአንዱ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። አሁን መስታወቷን ቀስ ብለው ወደ ላይ ከፍ በማድረግ ብርሃኑ ባስረዘሙት ነጠላ ጭረት ብቻ እንዲያልፍ ያድርጉ። ተደርድሮ የነበረው መስመር ጠፍቶ አንድ ሰፊ ብርሃን ይሆናል፤ ጨለማ የነበረችው የእርሳስ ነጥብዎም በራች። አንድ በር ዘግተው ብርሃን ጨመረላት፤ ሁለተኛውን በር መልሰው ሲከፍቱ ትጨልማለች።

ይህን ቦታ በችኮላ አይለፉት፤ የመመሪያው ልብ ያለው እዚህ ነው። አንድ እፍኝ ስንዴ በበተኑበት ቦታ ላይ ሌላ እፍኝ ቢጨምሩ ስንዴው ይበዛል እንጂ አይጠፋም። ሞገድ ግን ይህን ያደርጋል፦ በኩሬ ላይ የሁለት ድንጋዮች ሞገዶች ሲገናኙ የአንዱ አናት በሌላው አናት ላይ ከወደቀ ውሃው ይበልጥ ይነሣል፤ አናት በጉድጓድ ላይ ከወደቀ ውሃው ይተኛል። በእርሳስ ነጥብዎ ላይ የተገናኙት ሁለት ብርሃኖች የአንዱ መንገድ ከሌላው በሞገዱ ርዝመት ግማሽ፣ ማለትም በ325 ናኖሜትር ስለሚረዝም (ወይም ያ ግማሽ ከሙሉ ሞገዶች ጋር ተደምሮ ስለሚሆን) ተጣፉ። ጉልበቱ አልባከነም፤ ከጨለማው መስመር የጎደለው በብሩሁ መስመር ላይ ተጨምሯል። ይህ መደራረብ በመጻሕፍት ኢንተርፌረንስ የሚባለው ነው፤ በጠባብ ቦታ ወይም በጠርዝ በኩል ሲያልፉ መበተን ደግሞ ዲፍራክሽን ይባላል። በዝናብ ማግስት አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና የሚመስለውም ከዘይቱ ላይኛና ታችኛ ገጽ የተመለሱ ብርሃኖች ስለሚደራረቡ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ በኅዳር 1803 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው ሙከራ ከሠሩት ብዙ አይርቅም። በመስኮት መከለያ ላይ በመርፌ በተበሳ ቀዳዳ የገባውን የፀሐይ ጨረር 0.85 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባላት ቁራጭ ካርድ ከፈለው፤ በጥላዋ ውስጥ ሽንትርትር አየ፤ በካርዷ አንድ ጎን የሚያልፈውን ብርሃን በሌላ ወረቀት ሲጋርደው ግን ጥላው ውስጥ የነበረው ሽንትርትር ጠፋ። ሌዘር ሳይኖር፣ ኤሌክትሪክ ሳይኖር። ብርሃን ጥቃቅን ቅንጣት ነው የሚለው የኒውተን ሐሳብ እንግሊዝ አገር እንደ ሕግ በሚታይበት ዘመን ያንግ ይህን በማለቱ ብዙ ተሰደበ።

እስካሁን የተሞላው የደብተርዎ ግራ ዓምድ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ደረጃ 5፦ ቀይ ብርሃን የማይችለው ነገር

በጨለማ የሚያበራውን ኮከብ ለጥቂት ሰዓታት በመሳቢያ ውስጥ ዘግተው ጉልበቱን እንዲጨርስ ያድርጉ። በጨለማ ክፍል አውጥተው ቀይ ሌዘሯን አንድ ቦታ ላይ ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይያዙበት። ሌዘሯን ሲያጠፉ ምንም ምልክት የለም። ቀጥሎ ሰማያዊ ኤልኢዲ ለአንድ ሰከንድ ያህል ያስጠጉበት፤ ያረፈችበት ቦታ እንደ ጽጌ ፈክቶ ይቀራል። የብር ኖት መመርመሪያ ወይን ጠጅ መብራት ካገኙ ደግሞ በኮከቡ ላይ ስምዎን መጻፍ ይችላሉ።

ሌዘሯ በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ያፈሰሰችው ጉልበት ከደካማዋ ሰማያዊ አምፖል የበለጠ ነበር። ብርሃን ጉልበቱን እንደ ውሃ ያለማቋረጥ የሚያንቆረቁር ቢሆን ኖሮ ቀዩም ቆይቶ ይሞላው ነበር። ጉልበቱ የሚሰጠው ግን በማይከፈል እሽግ ነው፤ ያ እሽግ ፎቶን ይባላል። የአንድን ፎቶን ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት (አንድ ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ሲገፋ የሚያገኘው ጉልበት) ለማግኘት 1240ን በናኖሜትር በተለካው የሞገድ ርዝመት ያካፍሉ፦ የ650ው ቀይ 1.9፣ የ470ው ሰማያዊ 2.6፣ የ400ው ወይን ጠጅ 3.1 ይሆናል። በኮከቡ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ኤሌክትሮኑን ወደ ላይኛው እርከን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ከተወሰነ መጠን ያላነሰ ጉልበት ይፈልጋል፤ 1.9 አይደርስም፣ 2.6 ይደርሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን ለቀይ ፎቶኖች አይሠራም፤ እልፍ ሆነው ቢመጡም ጉልበታቸውን አያዋጡም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተሞክሮ ለብቻው ይወድቃል። (እጅግ ኃይለኛ በሆኑ የምርምር ሌዘሮች ሁለት ፎቶኖች አንድ ላይ ሊዋጡ ይችላሉ፤ የቁልፍ መያዣ ሌዘር ግን እዚያ አትደርስም።)

የድሮ ፎቶ ቤቶችን ጨለማ ክፍል ያየ ሰው ይህን ሳያውቀው ያውቀዋል። ባለሙያው በቀይ አምፖል ብርሃን ቆሞ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀቱን ሲያጥብ ወረቀቱ አይቃጠልበትም፤ በሩን ለቅጽበት የከፈተበት ሰው ግን የቀኑን ሥራ ያበላሽበታል።

የታሪኩ ቅደም ተከተል አጭር ነው። ማክስ ፕላንክ በታኅሣሥ 1900 የጋለ አካል የሚያወጣውን ብርሃን ለማስላት ጉልበት በእሽግ ይሰጣል ብሎ አሰበ። አልበርት አይንስታይን በ1905 እሽጉ የብርሃኑ የራሱ ነው አለ፤ በዚያም ሄንሪክ ሄርትዝ በ1887 የደረሰበትን፣ ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን የሚያስፈነጥርበትን ክስተት አብራራ። አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ሐሳቡን ባለመቀበል ለዓመታት ሲለካ ቆይቶ በ1916 ያሳተመው ውጤት የአይንስታይንን ቀመር ልክ አድርጎ አገኘው። የ1921 የኖቤል ሽልማት ለአይንስታይን የተሰጠው በዋናነት በዚህ ሥራው ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚመስለው በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡ አይደለም።

ደረጃ 6፦ የፕላንክን ቁጥር በቴስተር መገመት

የሬዲዮው ድምፅ መቆጣጠሪያ ሦስት እግሮች አሉት። ሁለቱን የዳር እግሮች ተከታትለው ከተያያዙት ሁለት የባትሪ ድንጋዮች (በድምሩ 3 ቮልት) ጫፎች ጋር ያገናኙ። ከመሐለኛው እግር ሬዚስተሩን አስከትለው ወደ ኤልኢዲው ረጅም እግር፣ ከአጭሩ እግር ደግሞ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሱ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በኤልኢዲው ሁለት እግሮች ላይ ያሳርፉ። በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ ቱቦ በኤልኢዲው ላይ ያጥልቁና ቁልፉን ከዜሮ ጀምረው እያዞሩ በቱቦው ውስጥ ይመልከቱ፤ የመጀመሪያዋ ፍንጣቂ ስትታይ ቮልቱን ያንብቡ። ለእያንዳንዱ ቀለም ሦስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይያዙ።

ቀዩ ከሰማያዊው ባነሰ ቮልት መብራት መጀመሩን ያያሉ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በኤልኢዲው ውስጥ ሲያልፍ ያገኘውን ጉልበት በአንድ ፎቶን መልክ ስለሚሰጥ፣ ትልቅ ፎቶን ትልቅ ቮልት ይጠይቃል። የፕላንክ ቁጥር የሚባለው የአንድን ፎቶን ጉልበት ብርሃኑ በሰከንድ ከሚነዝረው ብዛት ጋር የሚያያይዘው ቁጥር ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦ ቮልቱን በኤሌክትሮን ሙል (1.602 × 10⁻¹⁹) እና በሞገዱ ርዝመት ያባዙ፣ በብርሃን ፍጥነት (3 × 10⁸ ሜትር በሰከንድ) ያካፍሉ። ለምሳሌ የ470 ናኖሜትሩ ሰማያዊ በ2.4 ቮልት ከጀመረ 6.0 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ይመጣል። ትክክለኛው ቁጥር 6.62607015 × 10⁻³⁴ ሲሆን፣ ከ2019 ጀምሮ ኪሎግራም ራሱ የሚተረጎመው በዚህ ቁጥር ነው። የእርስዎ ውጤት በ9 በመቶ ገደማ ማነሱ አያስገርምም፤ የክፍሉ ሙቀት ለአንዳንድ ኤሌክትሮኖች ትንሽ ጉልበት ስለሚያበድራቸው ኤልኢዲው ከሚገባው ቮልት ቀደም ብሎ መፈንጠቅ ይጀምራል።

ነጭ ኤልኢዲ ለዚህ ስሌት አይጠቀሙ። ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ዱቄት የተቀባ ሰማያዊ ኤልኢዲ ስለሆነ የሚያነቡት ቮልት የሰማያዊው ነው፤ የእሱን ብርሃን በሲዲ ላይ ቢያዩት ደማቁን ሰማያዊ ለይተው ያገኙታል።

ደረጃ 7፦ ሁለቱን ዓምዶች ማገናኘት

አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ብርሃኑ በእሽግ የሚመጣ ከሆነ ሽንትርትሩ የሚፈጠረው ብዙ ፎቶኖች በመንገድ ላይ እየተጋፉ ስለሚሄዱ ነውን? ይህን ለመመርመር ባለ ሁለት ጭረቱን መስታወት መልሰው ሌዘሯን ያብሩ፤ በፊቷም አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት የፀሐይ መነጽር ይደርድሩ። ብርሃኑ ይደክማል፤ የመስመሮቹን ርቀት ቢለኩት ግን ንቅንቅ አይልም።

ምን ያህል ቢደክም ፎቶኖቹ ለየብቻ ይሄዳሉ? ያስሉት። የአንድ ቀይ ፎቶን ጉልበት 3.06 × 10⁻¹⁹ ጁል ስለሆነ የ1 ሚሊዋት ሌዘር በሰከንድ 3.3 × 10¹⁵ ያህል ፎቶኖች ትለቃለች። ብርሃን 3 ሜትሩን የሚያቋርጠው በሰከንድ መቶ ሚሊዮንኛ ነው። ሁለቱን ሲያባዙ በማንኛውም ቅጽበት በሌዘሯና በግድግዳው መካከል 33 ሚሊዮን ያህል ፎቶኖች በመንገድ ላይ ናቸው። እንግዲህ መነጽሮቹ ብርሃኑን ከ33 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ካላደከሙት በቀር አንዱ ከሌላው ተለይቶ ተጓዘ ማለት አይቻልም፤ በዚያ ድካም ደግሞ ግድግዳው ላይ ዓይን የሚያየው ነገር የለም።

በ1909 ካምብሪጅ ውስጥ ወጣቱ ጄፍሪ ቴይለር ያደረገው ይህንኑ ነበር። የጋዝ ነበልባል ብርሃንን እኛ እንዳጠቆርነው ባለ ጥላሸት መስታወት አደከመና በመርፌ ጥላ ዙሪያ የሚፈጠረውን ሽንትርትር በፎቶ ሳህን ላይ አሳረፈ። እጅግ ደካማ ለሆነው ብርሃን ሳህኑ 2000 ሰዓት፣ ሦስት ወር ገደማ መቆየት ነበረበት። ሽንትርትሩ በጠንካራ ብርሃን ከተነሣው ምንም አልተለየም።

የቴይለር ብርሃን ደካማ ይሁን እንጂ ሁለት ፎቶኖች አንድ ላይ እንዳይመጡ የሚከለክል ነገር በሙከራው ውስጥ አልነበረም። ያንን ክፍተት የዘጉት በ1986 ፈረንሳይ ውስጥ ፊሊፕ ግራንዢዬ፣ ዤራር ሮዤ እና አላን አስፔ ናቸው። ፎቶኖችን አንድ በአንድ የሚሰጥ ምንጭ ይዘው መጀመሪያ እያንዳንዱን ፎቶን ግማሹን በሚያሳልፍና ግማሹን በሚመልስ መስታወት ላይ ላኩት፤ በሁለቱ መንገዶች ጫፍ የተቀመጡት መቆጣጠሪያዎች (ፎቶን ሲደርስባቸው ምልክት የሚሰጡ መሣሪያዎች) አብረው አልጮኹም ለማለት በሚያስችል ሁኔታ በየተራ ብቻ ጮኹ። ይህ በቀኙ ዓምድዎ ውስጥ የሚጻፍ ነው። ቀጥሎ መቆጣጠሪያዎቹን አንሥተው ሁለቱን መንገዶች መልሰው አገናኟቸው፤ የአንዱን መንገድ ርዝመት ጥቂት በጥቂት ሲለውጡትም የሚደርሱት ነጠላ ፎቶኖች ቁጥር እንደ ጭረቶቹ ሽንትርትር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ይህኛው ደግሞ በግራው ዓምድ፣ ከአንዲቷ ፀጉር መለኪያ ሥር ይጻፋል።